በሳይክል ወደ ግልገል ጊቤ



ከፈጅር በኋላ ሳይክል ይዘን ከጅማ ስንወጣ ያየን ሰው ሳይበዛ አልቀረም። «የት ነው የምትሄዱት? መንገዱስ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣብናል። ለእያንዳንዱ ከምንመልስ አንዴ በሰፊው እንጻፈው ብለናል። የምንሄደው ወደ ግልገል ጊቤ ውሃ ነው። አራት ነን፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ጎሚስታ፣ መስጂድ ውስጥ ኢማም የምናግዝም አለንበት። እሽቅድምድም የፈለገ ሰው ጽሑፉን እዚህ ላይ ቢተወው ቅር አይለንም። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲወዳደር ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ የኛ ግን ሌላ ነው። ከአራቱ ሳይክሎች ሁለቱ ማርሽ የላቸውም። ዳገት ላይ እንወርዳለን፣ እንገፋለን፣ እናወራለን።

መንገዱ ዋናው የአዲስ አበባ አስፋልት ነው። ከከተማ እንደወጣችሁ የቦዬ ረግረግ ይቀበላችኋል፤ በጠዋት ጭጋግ ተኝቶበት ሲታይ ሱብሐነላህ ያሰኛል። ጉማሬ ያለበት ስለሆነ ግን ለፎቶ ብላችሁ ወደ ዳር አትጠጉ። ከዚያ ሰርቦ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቁርስ እዚያ ብሉ። ከሰርቦ እስከ አሰንዳቦ ያለው ረዘም ይላል፤ ከጅማ ሲቆጠር አሰንዳቦ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ 12 ሰዓት ላይ ወጥተን አራት ሰዓት አካባቢ እንደርሳለን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃው ደግሞ ሲሞላ 1,671 ሜትር ላይ ይቆማል። በወረቀት ሲታይ ቁልቁለት ነው። በእግር ሲረገጥ ግን ወጣ ገባ ነው፤ በተለይ ሲመለሱ፣ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ጉልበት የሚፈትነው እሱ ነው።

ኃይቁን ዙሪያውን የሚዞር አንድ ወጥ አስፋልት አትጠብቁ። ከአሰንዳቦ ወደ ደነባ በአስፋልቱ መቀጠል ይቻላል፤ ወይም ወደ ናዳ በሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ በመንደሮቹ መካከል መግባት ይቻላል። የኛ ምርጫ ሁለተኛው ነው። አቧራውን ትበላላችሁ፤ ግን የጭነት መኪና ጥሩምባ አይከተላችሁም። ስለ አስፋልቱ እውነቱን እንናገር፦ አባዱላና አይሱዙ ለሳይክል ቦታ አይሰጡም። ተራ በተራ በአንድ መስመር ነው የምንነዳው፤ የኋለኛው ከባድ መኪና ሲያይ ይጮሃል፣ ሁላችንም ከአስፋልቱ ወርደን እናሳልፋለን። ጆሮ ላይ ነሺዳም ሆነ ሌላ ነገር ሰክቶ መንዳት በኛ ቡድን ክልክል ነው።

ውሃው መጀመሪያ ሲታይ ሰማያዊ አይደለም። ከየተራራው የታጠበ አፈር ስላለበት ቀላ ብሎ ነው የሚታየው። ግድቡ በደርግ ዘመን ተጀምሮ፣ ተቋርጦ፣ እንደገና ተነስቶ በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረ ነው። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ሲሆን 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ ነው የተሠራው። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። እዚህ ተርባይን አዙሮ የወጣው ውሃ ሥራው አያልቅም፤ በተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና 420 ሜጋ ዋት ያለውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ያ ዋሻ በጥር 2002 ዓ.ም በተመረቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ በከፊል ተደርምሶ ወራት የፈጀ ጥገና አስፈልጎታል። አስተማሪው ጓደኛችን ይህን ሲተርክ ሰፊው ሳይክሉን አቁሞ መሬቱን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ባለፈው ኅዳር ከመንገዱ ወርደን በአንድ መንደር በኩል ወደ ውሃው ስንጠጋ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተነስተው አስቆሙን። ሰላምታ ተለዋወጥን። «ኢጆሌ፣ ልትለኩ ነው የመጣችሁት?» አሉን በኦሮምኛ። የጎሚስታው የመሣሪያ ቦርሳ ነው ያሳሰባቸው። አይደለም አባባ፣ ለሽርሽር ነው አልናቸው። ፊታቸው ተፈታና ጭኮ አስመጡልን፤ ቡናም ተፈላ። እንዲያ ቦርሳ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ሲለካ እንጂ ሲዝናና አይተው አያውቁም።

ከዚያ በዱላቸው ወደ ውሃው መሐል ጠቆሙ። «እዚያ ነበር ቤታችን» አሉ። ለግድቡ ሲባል ከቦታቸው የተነሱት ሰዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እሳቸው አንዱ ናቸው። በቆሎና ጤፍ የሚዘሩበት ለም ሜዳ ነበር። ካሳ ተሰጥቷቸዋል፤ ሌላ ቦታም ተሰጥቷቸዋል፤ ግን ከብቶቹ ሣሩን አልለመዱትም፣ ጎረቤቱም ተበታተነ። ከዓመታት በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት፣ ወደዚህ ዳር ተመለሱ። ከራሳችን በላይ ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል፤ እሳቸው ቤት ያለችው መብራት በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ አምፖል ናት። ይህን ያሉት ሊያማርሩ አልነበረም። እኛ ስልክ የት ቻርጅ እንደሚደረግ ጠይቀናቸው ነው።

መስጂድ ውስጥ እንደምናግዝ ሲሰሙ ጠጋ ብለው ሌላ ነገር ጠየቁን። አባታቸው የተቀበሩበት መቃብር ውሃው ሥር ነው። «ዱዓዬ ይደርሰዋል?» አሉ። ዱዓ በቦታ አይወሰንም፣ መቃብሩ አፈር ሥርም ሆነ ውሃ ሥር ቢሆን አላህ ይሰማል፤ ኢንሻአላህ ይደርሳቸዋል አልናቸው። «እሱንማ አውቃለሁ ልጆቼ» አሉ። «የምቆምበትን ነው ያጣሁት።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ኪታቦቹ ውስጥ የዚያራ አዳብ ተምረናል፤ ወደ መቃብሩ ሲገባ የሚባለውን ሰላምታ፣ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ። ውሃ ዳር ለቆመ ሰው ግን ምን እንበል? ከእሳቸው ጋር ዳሩ ላይ ቆመን እጃችንን አነሳን። ሰፊው ጓደኛችን አሚን ሲል ድምፁ ተቀየረ። አሳ የሚያጠምዱ ሁለት ልጆች ታንኳቸውን አቁመው ይመለከቱን ነበር።

የቀረው የመንገድ ጉዳይ ነው። ወባ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባጠኑት መሠረት ለኃይቁ ቀረብ ብለው የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ አናመሽም፤ ከመግሪብ በፊት አስፋልቱ ላይ ወይም አሰንዳቦ እንገኛለን። ዋና የለም፤ ጭቃው እግር ይይዛል። ግድቡ ራሱ ጥበቃ ያለው ስለሆነ ወደዚያ ካሜራ አትደቅኑ። መንደር ስትገቡ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁም ተናገሩ።

ስለ ሶላት ደግሞ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ማሳጠር የሚፈቀደው ለሁለት መርሐላ ጉዞ ነው፤ በዛሬ ልኬት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የሚቆጠረውም መሄጃው ብቻ ነው፤ መሄጃና መመለሻውን ደምሮ «100 አልፌያለሁ» ማለት አይሠራም። አሰንዳቦ ሄዶ የሚመለስ ሰው ዙህርን አራት ረከዓ ይሰግዳል። ሶኮሩ ድረስ ከጅማ ለሚሄድ ግን ርቀቱ ይሞላል። ዝርዝሩን ሼኾቻችሁን ጠይቁ። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ከመጠጫው ለይታችሁ ያዙ፤ አንዱ ጓደኛችን ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ ይዞ ዙህር ላይ ሲጠማ አይተነዋል።

ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕና መለጠፊያ ሳትይዙ አትውጡ። ፍሬን ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን ይታይ፤ ጠዋት ጎሚስታ አይከፍትም፣ የኛው ከኛ ጋር ነው።

ሽማግሌው ግንቦት ላይ እንድንመለስ ነግረውናል። በበጋው መጨረሻ ውሃው ይሸሻል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ የድሮው ሜዳ ጠርዝ ይታያል፣ የዛፍ ጉቶም ብቅ ይላል። መቃብሩ ያለበት ጉብታ ይታይ አይታይ እሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም። ለማንኛውም ቀጠሮ ይዘናል። አምስተኛና ስድስተኛ የሚሆን ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ ማርሽ ያለው ሳይክል ቢሆን ይመረጣል።