ክትፎ የሚበቅልበት ጓሮ

ክትፎ ወዳድ ሁሉ ስለ ሥጋው ያወራል። ለብለብ ይሁን ጥሬ፣ ቅቤው በደንብ ተነጥሮ እንደሆነ፣ ሚጥሚጣው በዝቶ እንደሆነ ሲከራከር ያመሻል። ቆጮውን ግን አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ያመጣዋል፤ ካለቀ ይጨመራል፣ ከተረፈም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ወደ ጉራጌ የሄድኩት ለዚያ ለተዘነጋው ቆጮ ስል ነው። የሥራ ባልደረባዬ እናት ኅዳር ሲገባ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንሰት እንደሚፍቁ ስሰማ፣ «እባክሽ ይዘሽኝ ሂጂ» ብዬ ለመንኳት።

በዓለም ገና በኩል ወጥተን ቱሉ ቦሎ እስክንደርስ የበቾ ሜዳ ግራና ቀኙ ጤፍ ነበር፤ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። በጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራው ክረምቱ ትቶለት በሄደው እርጥበት ብቻ ለምልሟል። ወሊሶ ቁርስ በላን፣ ወልቂጤን አለፍን፤ በጉብሬ አድርገን ወደ እምድብር ስንታጠፍ አገሩ ሌላ ሆነ። ዓይን የሚሞላ ሰፊ እርሻ የለም። ቤቶቹ ሰፊውን የሣር መንገድ፣ ጀፎረን፣ ግራና ቀኝ ይዘው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ጀፎረ ከብት የሚግጥበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደርስበት የጋራ መሬት ነው፤ ማንም አጥሮ ወይም አርሶ የራሱ እንዳያደርገው ያገሩ ደንብ ይጠብቀዋል። የላሟ ግጦሽ ይኸው ነው፤ ያለ ላሟ ደግሞ የምወደው ማዕድ እንደማይኖር የገባኝ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው።

እናትየው፣ እማማ እያልኩ የምጠራቸው፣ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር በእንሰት ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከፊታቸው አጋደም ብሎ የቆመ ጣውላ አለ። ከግንዱ የተገነጠለውን ረጅም ነጭ ንጣይ ጣውላው ላይ ያነጥፉና፣ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በተረከዛቸው ጫፉን ይረግጡታል፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ሥጋው እንደ ነጭ ጭቃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ጣውላው ላይ ይቀራል። ቃጫው ደግሞ ይደርቅና ለገመድና ለጆንያ ይሸጣል። ሥሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ለብቻው ይቀጠቀጣል። ከተፋቀው የሚወርደው ውኃ ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የቀረው በኮባ ቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ይቀበርና ይብላላል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳቸው የተጣለውን እንሰት እያየሁ።

«ይኼ ሰባት ይሆነዋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተከልኩት ነው።»

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ በጫካ የሚበቅለው በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ አላምዶ ምግቡ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእሱ ይተዳደራል። ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ዓመቱን እንደሚመግብ ይገመታል፤ የሚይዘው መሬት ደግሞ ከአንድ ጓሮ አይበልጥም። ዝናብ ለአንድ ወቅት ቢቀር እንሰቱ ቆሞ ይጠብቃል። በ1977 ሰሜኑ በረሃብ ሲያልቅ እንሰት አብቃዩ አገር በአብዛኛው የተረፈው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፍግ ካለ ነው። እማማ ጠዋት ጠዋት በረቱን ይጠርጉና ፍጉን በቅርጫት እየተሸከሙ እንሰቱ ሥር ያፈሱታል። እንሰቱ በበኩሉ ቅጠሉን ለላሟ ይሰጣል፤ በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ላሟ የምትቆየው በዚያ ነው። ችግኝ ሲፈለግ ከሥሩ መካከል ያለው ለጋው ተቆርጦ ይወጣና ሥሩ በአፈርና በፍግ ይሸፈናል፤ ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይፈላል። ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ እየተነቀለ፣ እየሰፋለት ይተከላል። ማዳበሪያ ከከተማ አይመጣም፣ ዘር አይገዛም።

ማታ የቀረበው ማዕድ ይህንኑ ጓሮ ነው ያሳየኝ። ከጉድጓድ የወጣውን ቆጮ እማማ ጨምቀው ውኃውን አወጡና በሰፊ ቢላ ደጋግመው ከተከቱት፤ ቃጫው ጥርስ እንዳይዝ ነው። በኮባ ጠቅልለው ምጣድ ላይ ሲጋግሩት ቤቱ በኮምጣጣ፣ ጭስ ጭስ በሚል ሽታ ተሞላ። አዲስ አበባ ከምበላው ጋር አንድ ስም ይጋሩ እንጂ ሌላ ምግብ ነው፦ ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ምላስ ላይ ቆየት ብሎ የሚመጣ ኮምጣጣነት ያለው። በጣባ ክትፎው፣ አጠገቡ አይብና ጎመን። ቅቤው ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት፣ የሰፈሩ ሴቶች በዊጆ፣ በቅቤ ዕቁባቸው፣ ተራ በተራ ያጠራቀሙት ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ገንቢነቱ ትንሽ ነው፤ አይቡና ሥጋው ያንን ይሞላሉ። የላሟና የእንሰቱ ስምምነት ሣህኑም ላይ አለ። በሕይወቴ ከበላሁት ክትፎ ይህን የሚያህል የለም፤ ይህን ስል ቅንጣት አላጋንንም።

በማግሥቱ የባልደረባዬ ታላቅ ወንድም የጓሮውን ሌላ ወገን አሳየን። ድሮ እንሰት የነበረበት ጫት ሆኗል፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ። አልፈረድኩበትም። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን እጅ ይገባል፤ እንሰት ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። ከዚያ ደግሞ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ተሕዋሱን ለይተው ለዓለም ካሳወቁ ወዲህ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። መሐል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሲቆርጡት ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ያው ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታው ይሻገራል። ያለው መላ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላውን በእሳት መለብለብ ነው። አንድ ረድፍ በዚሁ አልቆበታል፤ ጫቱን የተከለው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

«ቆጮ ማን በደንብ ይገዛኛል?» አለኝ። «ነጋዴው ዓመት የከረመውንና የወር ዕድሜ ያለውን በአንድ ዋጋ ነው የሚወስደው።»

እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ለሥጋው አንደኛ፣ ሁለተኛ ብለን የምንከፍል ሰዎች ለቆጮው ዕድሜ ሳንቲም አንጨምርም። ለከረመው ብልጫ የሚከፍል ከሌለ ገበሬው የሚያከርምበት ምክንያት የለውም፤ ካላከረመ ደግሞ ጓሮውን ለጫት መልቀቁ አይቀርም። ባልደረባዬ ይህን ቀድማ አስባበት ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የክትፎ ቤት ባለቤት የከረመ ቆጮ ከእናቷና ከጎረቤቶቻቸው በቀጥታ፣ ከነጋዴው አስበልጦ ሊገዛ ተስማምቷል። ወንድሟ ዝም ብሎ ሰማት፤ በሽታው የፈጀውን ረድፍ መልሶ በእንሰት ስለመትከል ግን ቃል አልሰጠም።

እማማ ግን ቅሬታ ነበራቸው። «ቆጮውን ከወሰደ ቅቤውንም ከዊጆው ይውሰድ። ላሟ ካላዋጣችን እንሸጣታለን፤ ፍጉ ከየት ሊመጣ ነው?»

ባልደረባዬ እዚያው ጓሮ ቆማ ደወለችለት። ሰውየው ከዋጋው በፊት የጠየቃት ቅቤው ለጋ መሆን አለመሆኑን ነበር።