መስከረም 29 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ነው። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» እንዳትሉ፤ መቐለ ሰማይ ላይም ደርሷል።

መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፣ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቅ የሆነው ፍንዳታ ምድር ደረሰ። አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የላከው ጨረር ነው፤ መንገድ ላይ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ቆይቷል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ነበር፤ ጨረሩ የመጣው ግን በምሥራቅ በኩል፣ ከራሳችን በላይ ከፍ ካለው ሰማይ ነው። ማናችንም አላየነውም። ጋማ ጨረር በዓይን አይታይም፣ አየሩም መሬት ሳይደርስ ያስቀረዋል። ቴሌስኮፑን ወደ ጠፈር የሚልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ፌርሚ የምትባል ሳተላይት ናት። ከ53 ደቂቃ በኋላ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የመጠቀችው ስዊፍት የቀረውን ብርሃን ይዛ ትክክለኛ ቦታውን አገኘች። እንዴት? ከመሣሪያዋ ፊት ብዙ ቀዳዳ ያለው የእርሳስ ወንፊት አለ (የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ከባዱ ብረት)። ጨረሩ ሲመጣ የወንፊቱ ጥላ ያርፋል፤ ጥላው ካረፈበት ተነስታ ጨረሩ የመጣበትን ታሰላለች። ከዚያ ራሷ ወደዚያ ትዞራለች። መፍጠን አለባት፤ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል።

መብራት የጠፋ ዕለት ከወንድሜ ጋር ሞከርነው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ እሱ ከኋላዬ ሻማ ይዞ የእማዬን ወንፊት ከፊቱ አደረገ። ሻማውን ወደ ግራ ሲወስደው ጥላው ወደ ቀኝ ሸሸ። ሻማውን ሳላይ የት እንዳለ ሦስቴ ተናገርኩ፣ ሦስቴም ልክ ነበርኩ። እሱ ግን «ሰረቅሽ» አለኝ።

ያን መስከረም የፍንዳታው አድራሻ ወዲያው ለዓለም ሁሉ ተነገረ። እኛ ጋ ግን ጦርነት ነበር፣ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። 2 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘው ብርሃን ከየት እንደመጣ ሲታወቅ፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በሕይወት መኖራችንን አታውቅም ነበር። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 23 ነው፤ 24 ቀን ቆይቶ። ስልኩ ሲከፈት አክስቴ «ሰላም» እንኳን ሳትል «ሁላችሁም አላችሁ?» ነው ያለችው።

እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ወንፊቱን ሞክሩት፤ ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።