የተጠገነ መሬት

የመተማን ቆላ በኮምፒውተር የከፍታ ካርታ ላይ ስታዩት ከገንዳ ውኃ እስከ ድንበሩ ወለል ያለ ሜዳ ነው፤ አንድም ባዶ ቦታ ዓይን አይገባም። እኔን የሚያጠራጥረኝ ይኸው ሙላቱ ነው።

*

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኤንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር 11 ቀን እየዞረች የየብሱን አብዛኛውን ክፍል በራዳር ለካች። ራዳሩ በጎን ስለሚያይ ገደል ይጋርደዋል። እንደ ስሜን ባሉ ተራሮች ያላየውን ቦታ ፋይሉ -32768 ብሎ ይመዘግባል። ቁጥሩን ሳያወጣ አማካይ ከፍታ የሚያሰላ ሰው ተራራውን ከባሕር በታች ይቀብረዋል። ስሕተቱ ግን ራሱን ያጋልጣል።

*

ባዶውን የሚሞላው ጠጋኝ ፕሮግራም ከገባ ወዲያ ግን የሚያጋልጥ የለም። የዳሩን ቁጥር አይቶ መሃሉን ይገምታል፤ ገደሉ ለስላሳ ዳገት ይሆናል። በቅሎ ትወጣዋለች!

*

የካቲት የቆላው ዛፍ ቅጠሉን ያራገፈበት፣ የዕጣኑ ዛፍ ራቁቱን የሚቆምበት ወር ነው። የራዳሩ ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደን ባለበት የሚለካው መሬቱን ሳይሆን ከቅርንጫፉና ከአፈሩ መካከል ያለ ከፍታ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጫካ ተመንጥሮ ሰሊጥ ተዘራበት። የጀርመን መንትያ ሳተላይቶች ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በለኩት ካርታ ላይ ያለ ቀዳዳ በ1992ቱ ልኬት ቢደፈን፣ የተቆረጠው ጫካ ማሳው መሃል ጉብታ ሆኖ ይነሣል።

*

ለ1992ቱ ልኬት የተፈቀደው የከፍታ ስሕተት 16 ሜትር ነበር፤ ያውም ከመቶው ነጥብ ለ90ው። ለስሜን ይህ ምንም አይደለም። ዋልካ ሜዳ ላይ ግን ውኃ በክንድ ልዩነት መንገዱን ይቀይራል። የጓንግ ወንዝ ቢሞላ ጎርፉ የሚደርስበትን በአንዲት ቀጭን መስመር ከብቦ «እስከዚህ ነው» የሚል ካርታ ለገበሬ ብታሳዩት፣ «ውኃውስ ይህን መስመር ያውቀዋል?» ቢላችሁ አይፈረድበትም።

*

ከመንትዮቹ ልኬት የተሠራው ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ ካርታ ከከፍታው ሌላ አጋዥ ፋይሎች አሉት። ከእነሱ አንዱ እያንዳንዱ ነጥብ በስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል፣ ሌላው የት እንደተደፈነና በምን እንደተደፈነ ይናገራል። ከፍታውን ብቻ አውርዶ እነዚህን የሚተው ባለሙያ ሞልቷል፤ አለቃ የሚወደው ያማረ ካርታ ነዋ።

*

የድሮ ካርታ ሠሪ እርግጠኛ ያልሆነበትን የከፍታ መስመር ቆራርጦ ይሥለው ነበር። ኮምፒውተር ከዚያ በላይ ይችላል፦ ከፍታውን በስሕተቱ ልክ እየለዋወጠ ጎርፉን መቶ ጊዜ ያስኬዳል። 90 ጊዜ የረጠበው ማሳ ደማቅ ሰማያዊ፣ 20 ጊዜ የረጠበው ፈዛዛ ይሁን። ሰሊጥ ውኃ ሲተኛበት አይችልም፤ ማሽላ ይሻላል። በፈዛዛው ላይ ሰሊጡን መሞከር ወይም አለመሞከር የባለማሳው ፈንታ ነው።