ሻደይ፣ ቤልቦተምና የደጃችን ውሻ

ሰቆጣን ለማየት የሚመች ወር ነሐሴ ነው። በበጋ የዋግ ተራራ ዐመድማ ይሆንና ድንጋዩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ተቆጥሮ ይታያል። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ያው ተራራ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ከየገደሉ የሚወርደው ጅረትም ወደ ተከዜ ይገሰግሳል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በደሴና በወልዲያ አልፎ በኮረም በኩል መግባት ይችላል፤ ላሊበላን መሳለም የሚሻ ደግሞ በብልባላ አድርጎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። እኔ የልጅ ልጄን ይዤ የሄድኩት በላሊበላው መንገድ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሻደይን የምታውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ ናት። የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉት ዋግ ሹሞች ለዘመናት መቀመጫቸው አድርገዋት ኖረዋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቀድሞ ዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ በሣጥን እንዳለ በዚያ ይገኛል። ገበያው ውስጥ በአንዱ ጆሮ አማርኛ፣ በሌላው ኽምጣኛ ይሰማል። ማሩና የአበርገሌ ፍየል የታወቁ ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን ሀገሩ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር «ዋግ አውራጃ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ዋግ ኽምራ ነው።

ከነሐሴ 16 ጀምሮ ከተማዋ የልጃገረዶች ትሆናለች። ፍልሰታ ይፈታና ልጆቹ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ ከበሮ ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። ከወገባቸው ላይ የሚያሥሩት ለምለም ሣር ነው ለበዓሉ ስሙን የሰጠው። ሲጨፍሩ ሣሩ ከኋላ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ትግራይ አሸንዳ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል የሚለው በዓል ዘመዱ ነው። አባቶች በዓሉን ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል፤ የኖኅ ርግብ ይዛ የመጣችውን ለምለም ቅጠል የሚያነሡም አሉ።

የልጅ ልጄ ዓይን ግን ልብሱ ላይ ነበር። እውነቷን ነው፤ ሻደይ የዋግ ልጃገረዶች የፋሽን በዓል ነው። ለዚያች ሳምንት ሲባል ዓመቱን ሙሉ ይታሰባል። በእኛ ጊዜ ሹሩባው ከሁለት ቀን በፊት ይሠራል፤ ጭንቅላታችን እንዳይፈርስ በእጃችን ተደግፈን እንተኛለን። ዓይናችንን እንኳላለን። ድሪና አልቦ ያለው ያወጣል፤ የሌለው ይዋሳል። እናቴ ግን መዋስ አትወድም ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትለኝና የራሷን ማርዳ አንገቴ ላይ ታሥርልኛለች። ማርዳው ለትልቅ ሴት የተሠራ ስለሆነ በዘለልኩ ቁጥር አገጬን ይመታኝ ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ቀሚስ ጥልፉ የማሽን ነው፤ ጫማቸውም ሸራ ጫማ። እኛ በባዶ እግራችን ነበርን፤ ደህና ያለው ልጅ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። ደስታው ግን ያው ነው፤ አንዷ የሌላዋን ጥልፍ በቆረጣ ማየቷም ያው ነው።

የወንዶቹ ፋሽን የመጣው ከደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በ1963 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ሲመጣ አፍሮ ጎፈሬ አበጥሮ፣ ኮሌታው እስከ ትከሻው የሚደርስ ሸሚዝ ለብሶ፣ እግሩ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ታጥቆ ነበር። በዚያ ዘመን ልብስ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ሳቢያ፣ የባዕድ ባህል ነው ያሉ ተማሪዎች ተቃውመው ትልቅ ግርግር ተነሥቶ ነበር። አዲስ አበባ ያከራከረ ነገር ሰቆጣ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወንድሜ አቀበቱን ሲወጣ እናቴ ዓይኗን በእጇ ከልላ አየችና «እንግዳ መጣ፣ ውሻውን ያዙ» አለች። ውሻው ግን ቀድሟት ሄዷል። አልጮኸም። ቁልቁል በረረና ደረቱ ላይ ዘለለበት፤ ያንን ሁሉ ሰፊ ሱሪ በጭቃ መዳፉ አተመው። እናቴ ልጇን የለየችው በውሻው ነው። አባቴ እየሳቀ «ውሻ ሱሪ አያይም» አለ። ይህች አባባል በቤታችን ተረት ሆና ቀረች። ከእኛ አንዱ አዲስ ነገር ለብሶ ከተኩራራ «ውሻ ሱሪ አያይም» ይባላል።

የውሻው ስም «ሰው አለ» ነበር። በገጠር የውሻ ስም ብዙ ጊዜ መልእክት ነው፤ ለጎረቤት፣ ለባላንጣ ወይም ለሌባ ይነገርበታል። አባቴ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ «ሰው አለ! ሰው አለ!» እያለ ሲጠራ፣ ያደፈጠ ሌባ ቢኖር መልእክቱ ይደርሰዋል። የዋግ ውሻ የቤት ጌጥ አይደለም። ፍየሉን ከቀበሮ፣ አህያውን ከጅብ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ደጅ ያድራል፣ ፍርፋሪ ይበላል፣ ምስጋናም አይጠብቅም። ያኛው ሲያረጅና ሲሞት አባቴ ቡችላ አምጥቶ ያንኑ ስም ሰጠው።

እንደ እውነቱ ከሆነ እኛ ለውሻ ክብር አንሰጥም። ስሙ ለስድብ ይውላል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባም በድንጋይ ይባረራል። መጽሐፉን ገለጥ ያደረገ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኛል። በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮ ይከተላል። በሉቃስ ወንጌልም ድኻው አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ጃንሆይም ቢሆኑ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። ጃፓኖች ደግሞ ለሐቺኮ ሐውልት አቁመዋል። ጌታው በ1925 እ.ኤ.አ. ከሥራው ሳይመለስ ሲሞት፣ ሐቺኮ ቶኪዮ ውስጥ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠበቀው። ሐውልቱ የቆመው በ1934 ገና በሕይወቱ ሳለ ነው፤ ውሻው የሞተው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ለሁለተኛው «ሰው አለ» ሐውልት አልቆመለትም። ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ የዋግ ሕዝብ እህል ወደሚታደልበት ወደ ኮረም ይጎርፍ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ትዳር ይዣለሁ። ወላጆቼ ከታናሽ እህታችን ጋር በጥቅምት ተነሡ። እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባለፈው ሻደይ የለበሰችውን፣ እኔ ከአዲስ አበባ የላክሁላትን ጥልፍ ቀሚስ ልውሰድ ብላ አለቀሰች። እናቴ «እንመለስ የለም ወይ፣ ለመንገድ አይሆንም» አለቻትና በነጠላ ጠቅልላ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

ውሻው ግማሽ ቀን ተከተላቸው። አባቴ የሚያበላው የለውም። ድንጋይ አንሥቶ ወረወረበት፤ ሆን ብሎ ሳተው። ውሻው ቆመ፣ አያቸው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ኮረም በደረሱ በሁለተኛው ወር እህቴ ዐረፈች። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። በሰኔ ዝናቡ ሲመለስ አባቴ ዘርና ማረሻ ተቀብሎ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። የጣራው ሣር በከፊል ወድቋል። ውሻው በሩ ላይ ነበር፤ አጥንትና ቆዳ ብቻ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ። ከሰፈሩ ሳይለቁ የቀሩ አንዲት ባልቴት ለአባቴ እንዲህ አሉት፦ «ሌሊት ሌሊት ከጅብ ጋር ሲጯጯህ እንሰማው ነበር። እስከ ጥር ድረስ። ከዚያ ዝም አለ።» ቤቱ ውስጥ የተነካ ነገር አልነበረም። ጥቅሉ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

አባቴ ጉድጓድ ቆፍሮ ከወይራው ሥር ቀበረው። ለውሻ መቃብር መቆፈር በሀገራችን አልተለመደም፤ ያዩ ሰዎች አጉረመረሙ። «ጎረቤት፣ እኔ የለሁም ነበር። እሱ ግን ‹ሰው አለ› እያለ ቤቴን ጠበቀልኝ። እንዴት ለአሞራ ልተወው?» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለ ውሻ ሁሉ ስሙ «ሰው አለ» ነው።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ዋግ ከዘለቀ ወዲህ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሏል። ከእነሱ አንዷ እናት ቡና ስንጠጣ የተዉትን ሲቆጥሩልኝ ፍየሉን፣ የንብ ቀፎውን፣ ምጣዱን አሉና «ውሻዬን እንኳ ማን ውኃ ይሰጠው?» ብለው ድምፃቸው ተቆረጠ። ሀገሩ ስሙ በችግር እየተነሣ ኖሯል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማዋ ግን በነሐሴ ሳምንት ከበሮዋን ታወጣለች። በዓሉን ማክበሩም ራሱ «ሰው አለ» ማለት ነው።

ወላጆቼ ዛሬ የሉም። ቀሚሱን ያኖረው ያ የቤልቦተሙ ወንድሜ ነው፤ ጎፈሬው ሄዶ መላጣው ብቻ ቀርቷል። እናቴ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ በነሐሴ ቀሚሱን አውጥታ ፀሐይ ታስመታው ነበር፤ ማንም እንዲለብሰው ግን አልፈቀደችም። የልጅ ልጄ ከሣጥኑ ውስጥ ስታየው «አያቴ፣ ይቺን ልልበሳት?» አለች። እኔ መልስ አጥቼ ወንድሜን አየሁት። እሱ እጥፋቱን በመዳፉ አራገፈ። «ልብስ ለመለበስ ነው የሚሠራው። አርባ ዓመት የተጠበቀው ለሣጥን አይደለም» አላት። ልክ ነበራት። እንደ እኔ ዘመን ልጅ ሣሩን ከወገቧ አሥራ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጣች። የዛሬው «ሰው አለ» ከደጅ ተነሥቶ ተከተላቸው፤ ለእሱ ያው የሥራ ቀን ነው።

ማታ ልጅቷ ውሻውን ካላቀፍኩ አለች። እዚህ ላይ ለወላጆችና ለአያቶች አንድ ነገር ላስታውስ። ውሻን መውደድ ከማስከተብ ይጀምራል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቁ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ለተነከሰ ልጅ የሰጠው ክትባት ግን እነሆ እስከ ዛሬ የሚያድን መንገድ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰውም የሰፈሩን ስም «ፓስተር» ብሎ የሚጠራው በእሱ ነው። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ጸበሉም ይቅደም፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ልጆቻችን የሚበላ፣ የሚተኛና ግልገል የያዘ ውሻ እንዳይነኩ፣ ደግሞም ያላስቸገራቸውን ውሻ በድንጋይ እንዳይመቱ እናስተምራቸው።

ወደ ሰቆጣ ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ለማታው ብርድ ጋቢ ያዙ፤ ለሚጨፍሩላችሁ ልጃገረዶች ዝርዝር ብር አዘጋጁ። መሄድ የማትችሉ ደግሞ የድሮውን አልበም አውጡ። ልጆቹ በጎፈሬያችሁና በሱሪያችሁ ስፋት ይስቁ፤ መሳቃቸው ደግ ነው። ከፎቶው ጥግ ጆሮውን አቁሞ የተቀመጠ ውሻ ካለ ግን ስሙን ንገሯቸው። ከእናንተ በኋላ የሚያውቀው የለም።