ኅዳር ሲታጠን

ለተማሪዎቻችን በምናስነብባቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ መጸው ቅጠል የሚረግፍበትና ሰማይ የሚጠቁርበት የትካዜ ወራት ነው። ይህን ለጉለሌ ልጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር መጸው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ ሲሆን ዝናቡ የሚያባራበት፣ እህሉ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ፊት ይገርፋል እንጂ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ባሕር ዛፉም እንደ ለመለመ ይኖራል።

ሆኖም በዚህ ብሩህ ወራት መካከል አንድ የሐዘን ቀን አለን፤ የሐዘን ቀን ብለን ግን አንጠራውም። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሲውል ከየግቢው ጥራጊው፣ ደረቁ ቅጠልና አሮጌው ሰሌን ተሰብስቦ በእሳት ይለቀቅበታል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ፓስተር ያለው ሠፈር ሁሉ በጢስ ይሸፈናል። አምና አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ቀን የምናቃጥለው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄውን ለክፍሉ መለስኩት። አብዛኞቹ «ለጽዳት ነው» አሉ።

ለጽዳት ብቻ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ፈጀ የሚገመተው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በዚያው ወር፣ ኅዳር 2 ቀን፣ በአውሮፓ የታላቁ ጦርነት መድፍ ዝም አለ። እዚያ የሰላም ደወል በሚደወልበት ሰሞን አዲስ አበባ ለሙታኗ ቀባሪ አጥታ ነበር። በከተማዋ ብቻ እስከ 10,000 የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ነው የዳኑት። ዛሬ ቀባሪ የነበረው ነገ ተቀባሪ ሆነ። ሕዝቡም የተበከለው አየር ይነጻ እንደ ሆነ ብሎ በየደጁ እሳት አነደደ፤ ልማዱ ከዚያ እንደ መጣ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ቆይቷል።

በሠፈራችን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት አሉ። «እናቴ በዚያ ኅዳር ሕፃን ነበረች። ሁለቱን ወንድሞቿን ማን እንደ ቀበራቸው፣ የት እንደ ቀበራቸው ሳታውቅ አለፈች። ጢሱ ሲነሣ ስማቸውን ትጠራ ነበር፤ እኔም እጠራለሁ» አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቃሉ ራሱ ያስገርመኛል። «ኅዳር ሲቃጠል» አንልም፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ማጠን ካህኑ ጽናውን ይዞ በታቦቱ ፊት የሚፈጽመው ሥራ ነው። ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረግለታል፤ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱም ይታሰባል። በዚያ ወር ግን ፍትሐት የሚያደርሰው ቄስም፣ ተዝካር የሚያወጣው ዘመድም አብረው ታመዋል። እንደ እኔ አስተያየት የኅዳር ጢስ ያ ሳይወጣ የቀረው ተዝካር ነው፤ ድሀ ከተማ ዕጣን ቢያጣ በጥራጊ አጠነ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቀን ሳይቈይ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። ነቢያቱ በሥጋ ሳሉ የማያዩትን ልደት ሲጠብቁ አለፉ። ተስፋ ስንል ብዙ ጊዜ «አይዞህ፣ ያልፋል» ማለታችን ነው፤ ለእነዚያ ሁለት ወንድማማቾች ግን አላለፈም። የነቢያቱ ተስፋ ከመቃብር ወዲያ የሚሻገር በመሆኑ ነው ለእነርሱም የሚበቃው።

ስለ ጢሱ ያለኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። በ1911 ዓ.ም. ፕላስቲክ አልነበረም፤ ዛሬ ከቅጠሉ ጋር የሚነደው እርሱ ነው። በሳንባ በሽታ ያለቁትን እያሰብን የሕያዋንን ሳንባ ማቈሰል ምን ይሉታል? ይህ ሠፈር የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ለብዙ ዘመን የታከሙበት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለበት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባም ምርመራው የተጀመረው እዚሁ ጉለሌ፣ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር። ያን ጊዜ መሰብሰብ ተገድቦ ለቅሶ በስልክ የደረስን ሰዎች፣ ያለ ቀባሪ መቀበር ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ቀምሰነዋል።

ስለዚህ አምና ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ከቤተሰባቸው የሞተ ሰው እንዳለ ሽማግሌ ጠይቀው ስሙን እንዲያመጡ። አብዛኞቹ ባዶ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ስድስቱ ግን ስም አገኙ። የክርስቲያኖቹን ስም በጸሎት እንዲታሰብ ለአንድ ቄስ ወስደን ሰጠናቸው። ቄሱ የእያንዳንዱን የክርስትና ስም ጠየቁን። ለአንዲቱ፣ የጥምር ወፍጮ ድንጋይዋ ብቻ በዘመድ ቤት ለቀረች ሴት፣ የሚያውቅ አልተገኘም። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «እርሱ ያውቃታል» ብለው ከሌሎቹ ጋር ጻፏት።