ብርዱ እንዳይወጣ ብለን…

ለድሬዳዋ ሰው ስለ ሙቀት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ይህን ጽሑፍ በደጋ ሆናችሁ የምታነቡ ወገኖቻችን ግን ጥቂት ብትታገሡን መልካም ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ! ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ እንጂ ውሃ የለበትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው በመስኮቱ፣ በበሩ ሥርና በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል፤ ጠዋት የተወለወለው ጠረጴዛ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ በጣት ስም የሚጻፍበት ይሆናል።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ለዚህ የራሳቸው መላ ነበራቸው። በከዚራ ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ፣ በረንዳቸው ሰፋ ያለ ነው። እኛ እንዲህ ዓይነት ቤት ባይኖረንም ልማዱ ነበረን። ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢው ውሃ ይረጫል፤ መሸት ሲል አልጋው ወደ በረንዳ ይወጣል። ሁላችንም “ኡማ” የምንላቸው አያታችን፣ በግንቦት ወር ጣሪያ ሥር መተኛት ቅጣት ነው ባይ ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. ጂዳ የሚኖረው አጎታችን ሊጠይቀን መጥቶ ላቡን ሲጠርግ ሰነበተና፣ “እናንተ እንዴት ነው የምትኖሩት?” ብሎ የኤሲ መግዣ ሰጥቶን ሄደ። አላህ ይስጠው፤ ያደረገው ለበጎ ነው። ባለሙያው መጥቶ ዐረቢያን መጅሊሱ ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለልን፣ ሪሞቱን አሳየን፣ ሻይ ጠጣ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። የለገሰን ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ “በርና መስኮት ዝጉ፤ ብርዱ እንዳይወጣባችሁ።”

እኛም ከታዘዝነው በላይ ታዘዝን። የመስኮቱን ስንጥቅ በፕላስተር አሸግን፤ በበሩ ሥር አሮጌ ሽርጥ ጠቅልለን ወተፍን፤ መሣሪያውን 18 ዲግሪ ላይ አድርገን ስምንት ነፍስ በአንዲት ክፍል ማደር ጀመርን። ጎረቤት ሲመጣ ከሰላምታው ቀድሞ “ቶሎ ግቡ፣ በሩን ዝጉት!” እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮርተናል።

ወር ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ራሳችንን ያመን ጀመር። አስም ያለበት የሰባት ዓመት ልጃችን በወር አንድ ጊዜ ይበቃው የነበረውን የሚሳብ መድኃኒት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ፈለገ። ጥፋቱን ለቅዝቃዜው ሰጠነውና ሹራብ ደረብንለት። ኡማ ደግሞ “ይህ ክፍል ይከብዳል፣ ይሸታል” ይሉ ነበር። ለሽታማ ምን ችግር አለ! ማጨሻው ይቀርባል፤ ዕጣንና ዑድ ይጨመርበታል፤ በሩ ይዘጋል።

የ2010 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ስለነበር ጾመኛው ሁሉ እዚያችው ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ይውላል። አንድ ምሽት ከተራዊሕ ስንመለስ እንደ ልማዳችን ቡና ተፈላ። የከሰሉ ምድጃ ከነፍሙ ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ ዕጣኑ ተጨሰ፤ በሩም ተዘጋ። ሁለተኛው ሳይቀዳ እህታችን “አዞረኝ” አለች። የጾም ድካም ነው አልናት። ኡማ አቅለሸለሸኝ አሉ፤ በኢፍጣር የበሉት ሳምቡሳ ነው ተባለ። ምድጃው አጠገብ ያንቀላፋችውን የአራት ዓመት ልጅ ወደ መኝታዋ ልንወስድ ብንጠራት ግን አልነቃ አለች። ስንነቀንቃት አንገቷ ይዝለፈለፋል እንጂ ዓይኗ አይገለጥም።

ጩኸቱን ሰምታ የደረሰችልን ጎረቤታችን ነርስ ናት። በሩ ላይ ቆማ ፍሙን አየች፤ የተወተፈውን ሽርጥ አየች፤ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ልጅቱን አንሥታ ወደ ግቢ ሮጠች። “ሁላችሁም ውጡ! መስኮቱን ክፈቱ!” የሚለው ድምጿ አሁንም ይሰማናል። ልጅቱ በባጃጅ ሐኪም ቤት ደርሳ ኦክስጅን ተደረገላት። ወደ ሱሑር ሰዓት ገደማ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። አልሐምዱ ሊላህ! በዚያ ኮሪደር ላይ ያን ሌሊት ማናችን ምን እንዳሰብን ግን እስከ ዛሬ አንነጋገርበትም።

ሐኪሙ በማለዳ አስረዱን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ሰው አየር እየሳበ በኦክስጅን እጦት ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ራስ ያምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ይመስላል። እኛ ለጾሙና ለሳምቡሳው የሰጠነው ሁሉ ይኸው ነበር።

“ኤሲው እየሠራ እንዴት?” ብለን ጠየቅን። ብዕር ያስነሣንም ይህ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ከቤታችን አንድም ሰው፣ ትምህርት የገፉትም ጭምር፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። በውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ባለማራገቢያ ሳጥን እያየን፣ ከውጭ ንጹሕ አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ የሚያስገባልን መስሎን ኖረናል። በሙያው የሠለጠነ የሰፈራችን ልጅ ከዒድ በኋላ መጥቶ ከፍቶ አሳየን። ሁለቱን ሳጥኖች በሚያገናኙት ቱቦዎች ውስጥ የሚመላለሰው ማቀዝቀዣው ጋዝ ነው፤ አየር አይደለም። ውስጥ ያለው ሳጥን የክፍሉን አየር ይስባል፣ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል፣ መልሶ ለዚያው ክፍል ይሰጠዋል። የውጪው ሳጥን ሥራ ሙቀቱን ደጅ መጣል ብቻ ነው። ስምንት ሰው የተነፈሰው፣ ዕጣኑ ያጨሰው፣ ከሰሉ የለቀቀው ሁሉ እየቀዘቀዘ ተመልሶ ወደ እኛው ሳንባ ይገባ ነበር ማለት ነው።

(የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ያስገርማል። ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት በ1902 እ.ኤ.አ. ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የዚህን መሣሪያ አባት ሲነድፍ፣ የታሰበው ለሰው ሳይሆን በአንድ የብሩክሊን ማተሚያ ቤት እርጥበት ያስቸገረውን ወረቀት ለማዳን ነበር።)

ልጁ ከመሣሪያው ውስጥ ያወጣው ወንፊት ወንፊት አይመስልም፤ ግራጫ ብርድ ልብስ ሆኗል። ለአንድ ዓመት ያህል አንድም ቀን አላጠብነውም፤ መታጠብ እንዳለበትም የነገረን የለም። ውሃው የሚንጠባጠብበት ገንዳ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ ነበር፤ ኡማ “ይሸታል” ያሉት ልክ ነበሩ። ታጥቦም ቢሆን ይህ ወንፊት የሚይዘው ሻካራውን አቧራና ክሩን ነው። ጋዝ አይይዝም፤ ለአስም የሚከፋውን ደቃቁን ጭስም ያሳልፈዋል። ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ይህ ብናኝ ከጸጉር ውፍረት ወደ ሠላሳ ጊዜ ያንሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ዕጣን ይህን በብዙ እጥፍ ያልፈዋል።

ታዲያ መስኮቱን ከፍተን እንኑር? አቧራውስ? መልሱ ቀላል አልሆነልንም። አሁን የምናደርገው ሰዓት እየመረጡ መክፈት ነው። ከፈጅር በኋላ ነፋሱ ገና ሳይነሣ በሩም መስኮቱም ይከፈታል፤ ከዒሻእ በኋላም እንዲሁ። በነፋሱ ሰዓት ይዘጋል፤ ያኔም ቢሆን ሰው ከበዛ አንዱን መስኮት ገርበብ እናደርጋለን፤ ብርዱ ቢወጣ ይውጣ! መሣሪያው 25 ወይም 26 ላይ ይሠራል። ወንፊቱ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ይታጠባል፤ ይህ የልጁ የራሱ ሥራ ሆኗል፤ የሚወጣውን ጭቃ ማየት ይወዳል። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ መጠረጉ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ የመጅሊሱ ፍራሽ ደጅ ወጥቶ ይራገፋል። ከሰል ግን ከበረንዳው አያልፍም፤ እንግዳ ቢመጣም፣ ዝናብ ቢዘንብም።

የከበደን የዕጣኑ ጉዳይ ነው። ኡማ “እንግዳ ዕጣን ሳይሸት ከቤቴ አይወጣም” ብለው አኮረፉ፤ ማጨሻው ከሳቸው እናት የወረሱት ነበርና ልንጫናቸው አልቻልንም። ሳምንት ያህል ተኳርፈን ከረምን። በመጨረሻ ማጨሻውን ራሳቸው ይዘው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እንግዳው ሲገባና ሲወጣ እዚያ ያጥኑታል፤ ልጁ ቤት ካለ ደግሞ ፍሙን ሳይነኩት ይቆያሉ።

ልጃችን ነፋስ በበዛበት ቀን ዛሬም ያስለዋል። መድኃኒቱን የሚፈልገው ግን እንደ ቀድሞው በወር አንድ ጊዜ ነው። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የፕላስተሩ ሙጫ አልለቅ ብሎ አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ማታ ኤሲው ሲከፈት ኡማ ትራሳቸውን ይዘው ይነሣሉ። አልጋቸው በረንዳ ላይ ነው።