የቀላል ጠመንጃ ዕዳ

በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው ቤታችን፥ ለአካለ መጠን የደረሰው ልጃችን ፈቃድ ካለው አዳኝ ዘንድ ተኩስ ይማር ዘንድ በተቆረጠ ጊዜ፥ የትኛውን ጠመንጃ ይያዝ የሚል ክርክር ተነሣ። ልጁ፥ ዳገት ለመውጣት ይመቸኛል ብሎ ቀላሉን መረጠ፤ አጎቱም፥ አፈ ሙዙ የጠበበ ጠመንጃ ትከሻ አይመታም አለ። እናቱ ግን፥ «ምቱን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ የተኮሰ እንደ ሆነ ማንን ይመታል?» ስትል ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ለሌሎችም ወላጆች የሚገባ ስለ ሆነ፥ የመረመርነውን እንጽፋለን።

ጥይት ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። የግፊቱ ብርታት የሚታወቀው በእርሳሱ ክብደትና ፍጥነት፥ በባሩዱ ብዛትና በጠመንጃው ክብደት ነው እንጂ በአፈ ሙዙ ስፋት ብቻ አይደለም። ጥይቱ ያው ሆኖ 4 ኪሎ የሚመዝነው ጠመንጃ 3 ኪሎ በሚመዝን ቢለወጥ፥ ትከሻን የሚመታው ኃይል በሲሶ ይጨምራል።

አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ፥ ስፋቱ 11 ሚሊሜትር፥ እርሳሱ 25 ግራም ያህል ነው፤ ነገር ግን ጠመንጃው ራሱ ከ4 ኪሎ ስለሚበልጥ ከምቱ ብዙውን ይሸከማል። 7.92 ሚሊሜትሩ ሞዘር እርሳሱ የውጅግራን እኩሌታ ያህል ሲሆን ፍጥነቱ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አፈ ሙዙ ጠባብ ነው ተብሎ አጭርና ቀላል ሞዘር ለጀማሪ ቢሰጥ፥ ከከባዱ ውጅግራ ያላነሰ ይመታዋል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ኢጣልያኖች የያዙት 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ ግን እርሳሱ 10.5 ግራም፥ ባሩዱም ጥቂት ስለ ሆነ፥ ጠመንጃው ቢቀልም ምቱ ይለዝባል።

ትከሻው የተመታ ጀማሪ በሁለተኛው ተኩስ ምላጩን ሳይስብ አስቀድሞ ይደነግጣል። የደነገጠ እጅ የላከው ጥይት አውሬውን አይገድለውም፤ አቍስሎ ወደ ዱር ይሰደዋል፥ በዚያም በሥቃይ ይሞታል። ይህ ለአዳኝ ክብር አይደለም።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በዚሁ በኮልፌ የወታደር ትምህርት ሲቀበሉ ተኩስን በልምምድ ተምረዋል፤ ለሰው ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ልጃችን እርሳሱ 2.6 ግራም ብቻ በሆነው በ5.6 ሚሊሜትር ጠመንጃ እንዲጀምር፥ ሰደፉን ከትከሻው አጥብቆ እንዲይዝ፥ ቀጥሎም ከባዱን እንዲለማመድ ቈረጥን። ውሳኔውን ሲሰማ ፊቱ ጠቈረ፤ እናቱ ግን ደስ አላት። በመንገድ የከበደ ጠመንጃ በተኩስ ጊዜ እንዲቀል፥ ልጁ ራሱ ሲተኩስ ያውቀዋል።